ሳይነካ ያለቀ ካርድ

በእኛ ቤት ስጦታ አይነካም ነበር። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣልንን ዕቃ እናቴ በሁለት እጇ ትቀበልና ትመርቃለች፤ ከዚያ ከነመጠቅለያው ሳጥኗ ውስጥ ትከተዋለች። ዕቃው የሚወጣው ሰጪው ራሱ ተመልሶ መጥቶ ዓይኑ እያየ «በሉ ተጠቀሙበት» ሲል ብቻ ነው። ሰጪው ሳያይ የተበላ ስጦታ ከስርቆት አይለይም ትል ነበር። ይህ የእኛ የቸሃ ጉራጌዎች ደንብ ይሁን የእናቴ የራሷ ሕግ እስካሁን በውል አላውቅም። ጎረቤቶቻችን የመጣላቸውን ብርድ ልብስ የዚያኑ ዕለት ሲለብሱት በዓይኔ አይቻለሁ።

የሕጉ የመጀመሪያ ተጎጂ እኔ ነኝ። አንድ ዓመት ታላቅ ወንድሜ ከመርካቶ ቀይ ጫማ ይዞልኝ መጣ። እኔ አክስቴ ቤት ሄጄ ስለነበር ሳንገናኝ ተመለሰ። ጫማው ሳጥን ገባ። ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ አኮረፍኩ፤ እናቴ ወይ ፍንክች! «በእግርሽ ሳያየው?» ብቻ ነበር መልሷ። በዓመቱ ወንድሜ መጣ፤ ጫማው በክብር ወጣ፤ ጣቶቼ ግን አልገባ አሉ። ወንድሜ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ከሳቀ በኋላ እናቴን አቅፎ «እማዬ፣ አንቺ ሳጥን የገባ ነገር እኮ ባንክ ከገባ ይበልጣል!» አላት። እናቴ እንደ ምስጋና ወሰደችው። እኔም በባዶ እግሬ ቆሜ አብሬ ሳቅሁ።

ወንድሜ ለወላጆቼ አንድ ወንድ ልጅ ነው። ሁለት እህቶቼ አግብተው ወጥተዋል፤ የቀረሁት የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። እሱ ገና በልጅነቱ መርካቶ ገብቶ፣ ዕቃ ተሸክሞ፣ አዟሪ ሆኖ፣ በኋላ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥበት አንድ በር ሱቅ ተከራየ። መስቀል ቀርቶ አያውቅም። የእኛን አገር የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ የትም ይክረም፣ በመስከረም አጋማሽ ግን ጉራጌ ቤቱ ይገባል፤ ሲገባም ባዶ እጁን አይገባም። ባዶ እጁን ከሚመጣ መኪና ተሰበረብኝ ብሎ ቢቀር ይሻለዋል።

ስምንተኛ ክፍል በገባሁ ዓመት መስቀል ወንድሜ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ አንጠልጥሎ መጣ። ጀፎረው ላይ፣ ማለትም በመንደራችን መሃል በሚያልፈው በሰፊው የሣር መንገድ፣ ሲመጣ ያዩት ጎረቤቶች ዓይናቸው ከቦርሳው አልተነቀለም። የእናቴም ዓይን አልተነቀለም፤ ግን «እንኳን በሰላም መጣህልኝ» ብላ አገላብጣ ሳመችው። ከተቀመጠ በኋላ እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰደደና አንድ ካርድ አወጣ።

እንደ መታወቂያ በላስቲክ የታሸገ ጠንካራ ወረቀት ነበር። ፊቱ ላይ ቀይ አበባና የማቀዝቀዣ ሥዕል አለበት፤ ጀርባው ላይ ቁጥር፣ የሱቅ ማኅተምና ጽሑፍ። የማነበው እኔ ስለሆንኩ ተሰጠኝ። «የስጦታ ካርድ። ሦስት ሺህ ብር። ለካርዱ ያዥ የሚፈልገው ዕቃ ይሰጠዋል። ቀሪ ሂሳብዎን በማንኛውም ጊዜ መጠየቅ ይችላሉ» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሱቁ ወልቂጤ፣ አዲስ ፎቅ ሥር የተከፈተ ነበር፤ አልጋ፣ ፍራሽ፣ ቴሌቪዥን፣ የልብስ ስፌት ማሽን ይሸጣል። ካርዱ የሱቁ ብልሃት ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ዕቃ እየተሸከመ ገጠር ከሚገባ ካርድ ገዝቶ ይግባ፣ ቤተሰቡ ኋላ ወርዶ የወደደውን ይምረጥ ተብሎ የታሰበ ነው።

አባቴ ካርዱን ተቀብሎ አገላበጠው። ወደ በሩ ብርሃን አንስቶ አየው። «ብሩ የታል?» አለ።

«ውስጡ ነው አባባ፤ እንደ ሞባይል ካርድ በለው።»

«የሞባይል ካርድስ ተፍቆ ቁጥር ይወጣዋል።»

«ይሄኛው ሳይፋቅ ነው የሚሠራው» አለ ወንድሜ፤ ሁላችንም ሳቅን።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ካርዱን በሁለት እጇ ተቀበለች። የመረቀችው ምርቃት ለሦስት ልጅ ይበቃ ነበር። ወሬው ወዲያው ተሠራጨና ጎረቤት እየመጣ ብር ያለበትን ወረቀት አየ። በዚያ መስቀል ወንድሜ የተቀመጠበት ቦታ ከፍ ያለ፣ የቀረበለት ክትፎ የተለየ ነበር። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት ብሎ ወደ ወልቂጤ ወረደ። ካርዱም በፌስታል፣ ፌስታሉ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ሳጥን ገባ።

በዓመቱ እናቴ ካርዱን አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች። «በል እንግዲህ» አለችው።

«ቆይ እማዬ፣ አብረን ወርደን ነው የምናወጣው። እጅሽን ይዤ ሱቁን አዞርሻለሁ፤ የወደድሽውን በጣትሽ ታሳዪኛለሽ» አላት። ደስ አላት። በዚያ መስቀል ግን ጊዜ አጠረው። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ መንገዱን አበላሸው። በዚያው ዓመት ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሆኖ ነበር የመጣው፤ ኳስ ስለሚያይበት፣ ስለ ስክሪኑ ስፋት ለአባቴ በእጁ እየለካ ነገረው። እናቴ ቴሌቪዥኑንም መረቀችለት።

እኔ አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ማትሪክ ተፈተንኩ። ውጤቱ የትም የሚያስገባ አልነበረም። ትምህርት ያልቀናት ሴት ልጅ በእኛ መንደር ሁለት መንገድ አላት፤ ወይ እንሰት መፋቅ፣ ወይ ባል። እናቴ አንደኛውን፣ አባቴ ሁለተኛውን ያስቡልኝ ጀመር። እኔ ግን ሦስተኛ መንገድ አግኝቼ ነበር። ወልቂጤ ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ጴንጤ ናቸው፤ በአንዲት ክፍል ውስጥ አራት ሴቶች አስቀምጠው የተማሪ ዩኒፎርም ያሰፋሉ። የዩኒፎርም ሸሚዜን እንዲያጠብቡልኝ ወስጄ በተጨናነቁበት ቀን ራሴ በእጄ መርፌ ስሰፋው አይተው «ማነው ያስተማረሽ?» አሉኝ። ማንም አላስተማረኝም። ከውጤቱ በኋላ ሄጄ ሥራ ስለምናቸው እንዲህ አሉኝ፦ «የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይሠራል። ቦታም አለኝ። ማሽን ግን የለኝም። የገና በዓል ሳይደርስ የራስሽን ማሽን ይዘሽ ከመጣሽ ትጀምሪያለሽ፤ ከዚያ በላይ ቦታውን ክፍት አድርጌ ማቆየት አልችልም። ጌታ ይርዳሽ።»

በእግር የሚረገጥ ማሽን ከሦስት ሺህ ብር ያነሰ ዋጋ ነበረው። ዋጋውን ያየሁት እዚያው ካርዱ የተገዛበት ሱቅ መስኮት ላይ ተለጥፌ ነው። ጥቁር ነው፤ ጎኑ ላይ ወርቅማ ጌጥ አለበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት በሕልሜ እግሬ ይረግጥ ነበር።

በዚያ ዓመት መስቀል ወንድሜ ሲመጣ ለብቻው ይዤ ጠየቅሁት። «ወንድምጋሼ፣ ካርዱን ለእኔ ማሽን አድርግልኝ። እማዬ አንተ ካልክ እሺ ትላለች።»

«ስፌት?» አለና ፊቴን አየኝ። «ወልቂጤ ያለው ማሽን እኮ ውራጅ ነው፤ በዓመቱ ይሰበራል። እኔ ከመርካቶ ኦሪጅናሉን እልክልሻለሁ። ካርዱን ተዪው፣ የእማዬ ነው።»

«መቼ ትልክልኛለህ?»

«እናቴ ትሙት፣ በሚቀጥለው ወር!»

ማለ። ሴት ልጅ ወንድሟን ካላመነች ማንን ታምናለች? አመንኩት። ጥቅምት መጣ፣ አለቀ። ስደውልለት ወይ አያነሳም፣ ወይ ሲያነሳ ገበያ ሞቷል ይለኛል። ኅዳር ሲገባ አንድ ቀን ጓሮ እንሰት እየፋቅን እያለ አለቀስኩ። እናቴ መፋቂያዋን አስቀምጣ አየችኝ። እጇን ታጥባ ወደ ቤት ገባች፤ የሳጥኑ ቁልፍ ሲንቃጨል ሰማሁ። ካርዱን ከነነጠላ ቁራጩ ይዛ ወጣች።

«ውሰጂው» አለችኝ።

«እሱ ሳያይ?»

«እሱ ወንድምሽ ነው፤ አይከፋውም። ከከፋውም እኔ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።» እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ ያልጣሰችውን ሕግ ለኔ ስትል መጣሷ ነበር። ከዚያ ቆም አለችና አንድ ስጋት ነገረችኝ። ጎረቤታችን የሞባይል ካርድ ሳይሞላ አስቀምጦ ጊዜው አልፎበት ብሩን አቃጥሎት ነበር። «ይሄስ እንደዚያ እንዳይሆን። ሦስት ዓመት ታስሮ ተቀምጧል። መጀመሪያ ስንት እንደቀረው ጠይቂና ከዚያ ማሽኑን ምረጪ» አለችኝ።

በማግስቱ ከቅርባችን ከተማ ከእምድብር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ካርዱን ጡቴ ሥር ሸጉጬ በጉብሬ በኩል ወልቂጤ እስክደርስ እጄን ከላዩ አላነሳሁም። ረዳቱ «እህት፣ ልብሽን አሞሻል እንዴ?» ብሎ አሾፈብኝ። ልቤ ደህና ነበር፤ ያኔ።

ሱቁ ውስጥ አንዲት ፀጉሯን የተተኮሰች ልጅ ተቀምጣለች። ካርዱን ሰጥቻት «ቀሪ ሂሳቡን ለማየት ነው» አልኳት፤ ልክ ጀርባው ላይ እንደተጻፈው። ቃሉን በመንገድ ላይ ተለማምጄው ነበር። ካርዱን እያገላበጠች «አሁን እኮ ይሄን ነገር ትተነዋል፤ የድሮ ነው» አለች። ደንገጥ ብዬ «ጊዜው አልፏል?» ስላት «አይ፣ ካለው ይሠራል» ብላ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ወፍራም መዝገብ ጎትታ ቁጥሩን በጣቷ መፈለግ ጀመረች። ጣቷ ቆመ።

«ባዶ ነው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሂሳቡ። ዕቃ ወጥቶበታል። ቀሪ የለውም።»

«ተሳስተሻል እቴ፤ ይሄ ካርድ ከሳጥን ወጥቶ አያውቅም። ተነክቶ አያውቅም!» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ባለሱቁ ከውስጥ ወጡ። ሽበት ያላቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። መዝገቡን ወደ እኔ አዞሩልኝ።

ሁለት መስመር ነው። በላይኛው ካርዱ የተገዛበት ቀን አለ፤ ወንድሜ ያን ቦርሳ አንጠልጥሎ የመጣበት ዕለት። በታችኛው ደግሞ «21 ኢንች ቴሌቪዥን» ይላል፤ ቀኑ ከመስቀል በኋላ ሦስተኛው ቀን ነው። ወንድሜ ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት ብሎ ተመርቆ የወረደበት ዕለት። ከጎኑ ፊርማ አለ። ያን ፊርማ አውቀዋለሁ። መርካቶ ከመግባቱ በፊት፣ ነጋዴ ፊርማ ሊኖረው ይገባል ብሎ በእኔ ደብተር ጀርባ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ የተለማመደው ነው። ጅራቱን አስረዝሞ ሁለት ነጥብ ያስቀምጥበታል።

«ካርዱ እኛ ጋ ሆኖ እንዴት ሰጣችሁት ጋሼ?» አልኩ።

«ልጄ፣ የገዛው እኮ እሱ ነው። ደረሰኙን ይዞ መጣ፤ ካርዱ መንገድ ላይ ጠፋብኝ አለ፤ መታወቂያውን አየን፣ አስፈረምነው። ሰውየው ዘመድሽ ነው?»

«አላውቀውም» አልኳቸው።

እንዴት እንዳልኩት አላውቅም፤ ግን ውሸት ሆኖ አልተሰማኝም። እኔ የማውቀው ሰው ዝናቡ መንገዱን ያበላሸበት፣ ጊዜ ያጠረው፣ እናቱን እጇን ይዞ ሱቅ ሊያዞር የተመኘ ልጅ ነው። ይህኛው እናቱ ስጦታ እንደማትነካ አውቆ፣ እሷ ሳጥን የገባ ነገር ከባንክ እንደሚበልጥ ስቆ የተናገረ፣ ያንንም ባንክ በሦስተኛው ቀን ዘርፎ የወረደ ሰው ነው። ከእናቴ ላይ የሰረቀው በደካማ ጎኗ ገብቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሱ የገባው በክብሯ በኩል ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ መሬቱ ምን ያህል እንደሚያም ግን ተረቱ አይናገርም።

ከሱቁ ስወጣ ማሽኑ መስኮቱ ላይ ነበር። ቀና ብዬም አላየሁት። ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄጄ ቦታውን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ነገርኳቸው። ለምን አሉኝ፤ ወንድሜ አልተመቸውም አልኩ። «እንጸልይለት» አሉኝ። ያን ዕለት ብቻ በጸሎት ተናደድኩ።

በመልስ ሚኒባስ ላይ ለእናቴ የምነግራትን ደረደርኩ። መጀመሪያ መስመሩን እነግራታለሁ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን፣ ከዚያ ፊርማውን። ቆሽቴ አሮ ነበር፤ የእሷም እንዲያር ፈለግሁ። ለሦስት ዓመት ባዶ ወረቀት በነጠላ ጠቅልላ እየመረቀች መኖሯን እኔ ብቻዬን መሸከም የለብኝም ብዬ ወሰንኩ። በመንደራችን መግቢያ ስወርድ ግን እናቴ ጀፎረው ዳር ቆማ ትጠብቀኛለች። የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። ማሽኑን የሚያወርዱልኝ ሁለት የጎረቤት ጎረምሶችም ጠርታ አስቁማለች።

ባዶ እጄን አየች። ፊቴን አየች። ጎረምሶቹን በዓይኗ አሰናበተቻቸው።

«ጊዜው አልፎበት ነው አይደል?» አለችኝ በቀስታ።

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አይደለም ማለት። እናቴ ከአንድ ቀን በፊት በራሷ አፍ ያዘጋጀችልኝ ውሸት ፊቴ ተዘርግቷል፤ ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለው ደግሞ አንድ ወንድ ልጇ ነው። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

«አዎ» አልኳት።

እናቴ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። በበዓል ቀሚሷ፣ ሣሩ ላይ። «እኔ ነኝ» አለች። «ልጄ ለፍቶ ያመጣውን እኔ ታቅፌ አቃጠልኩት። ያንቺንም እንጀራ አብሬ አቃጠልኩት።» እጇን ይዤ ላስነሳት ሞከርኩ። ወንድሜን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር እኮ፤ የጣልኩት እሷን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አሁንም ልናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው እውነቱን የሚጀምርበት ጫፍ ይጠፋዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ስለ እናቴ ማስታወስ የማልወደው ዓመት ነው። በሳምንቱ ሳጥኑን ከፈተችና ለዓመታት ያስቀመጠችውን ሁሉ አወጣች። ቴርሞሱን ከካርቶኑ አውጥታ አጠበችው። ብርድ ልብሱን ስትዘረጋው ብል በልቶት እንደ ወንፊት ሆኗል። «ከአያያዝ ይቀደዳል» አለች ለራሷ። ቁልፉን ካንገቷ አውልቃ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው፤ ሳጥኑ ከዚያ ወዲያ ተቆልፎ አያውቅም። አባቴ «ለወረቀት እንዲህ ይሆናል?» ቢላት አትመልስለትም። ለወንድሜ ደውላ እንድትነግረው ስላት «ይሄ በስልክ አይነገርም፤ ሲመጣ ፊቱ ቆሜ ነው» አለችኝ። በየቀኑ ቀን ትቆጥር ነበር። እኔም እቆጥር ነበር። እሷ ይቅርታ ልትጠይቀው፣ እኔ ላዋርደው።

ምክንያቱም መስቀል ሌላም ነገር አለው። በእኛ ዘንድ ከብቱ ሳይታረድ አባወራው ቤተሰቡን ሰብስቦ «ቂም ያለው ይናገር» ይላል። የተጣላ ይታረቃል፣ የበደለ ይክሳል፣ የተበደለ ይቅር ይላል፤ ከዚያ ነው ቢላዋ የሚነሳው። ቂም ይዞ የመስቀልን ሥጋ የበላ ሥጋው ያንቀዋል ይባላል። አያቴ እንዲህ ታንቆ የሞተ ሰው አውቃለሁ ይሉ ነበር። እኔ ያን ሰዓት ነበር የምጠብቀው። ለብቻው ይዤ አልጠይቀውም፤ አባቴ ሲጠይቅ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ቀኑንና ፊርማውን እናገራለሁ ብዬ ነበር።

ወንድሜ መጣ። ዘንድሮ ሁለት ትልልቅ ቦርሳ ይዞ ነው። ለእኔ ሻርፕ አመጣልኝ፤ «ማሽኑን እኮ አልረሳሁትም፣ ገበያው ነው» አለኝ። ሻርፑን ተቀበልኩት። በእርዱ ቀን ጠዋት አባቴ ሁላችንንም ምሰሶው አጠገብ ሰበሰበና የተለመደውን ጠየቀ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አደግድጋለች። ወንድሜ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ልጄ፣ ለፍተህ ያመጣኸው ካርድ በአያያዜ ጊዜው አለፈበት። ሳልጠቀምበት አቃጠልኩት። ለእህትህም ማሽን ሊሆን ሲል ባዶ ሆነ። ሳላማክርህ ከሳጥን ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

ወንድሜ በመጀመሪያ እናቴን አየ፤ ከዚያ ዓይኑ ቤቱን ዞሮ እኔ ላይ ወደቀ። ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም። ሱቁ ድረስ የሄድኩት እኔ መሆኔን፣ መዝገቡን ማየቴን፣ ሁሉንም ማወቄን ያነበበው ያኔ ነው። እኔም ጠበቅሁት። እግዜር ያውቃል፣ በዚያች ቅጽበት ወንድሜን እወደው ነበር። አንዲት ቃል ቢተነፍስ፣ «እማዬ ተይ» ብቻ ቢል፣ ሌላውን እኔ እሸፍንለት ነበር። ማሽኑንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ ሣሩ ላይ የተቀመጠችበትን ቀንም እረሳለት ነበር።

ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅር ብዬሻለሁ እማዬ» አለ። «ያለፈ አልፏል። ገንዘብ ነው፤ ይመጣል።»

እናቴ እጁን ልትስም ጎንበስ አለች። ልጅ እናቱ እጁን ልትስም ስትል እጁን ይሰበስባል፤ ይህን የማያውቅ የጉራጌ ልጅ የለም። ወንድሜ አልሰበሰበም። ምናልባት ደንግጦ ነው፤ ይህን ለእሱ ስል ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

እናቴ ቀና ስትል ፊቷ በራ። ከዚያ የጀፎረው ዕለት ወዲህ አንድም ቀን ያላየሁት ፊቷ ተመለሰ። የአባቴ ድምፅ ከሩቅ መጣልኝ። «አንቺስ? በሆድሽ የያዝሽው አለ?»

እናቴ ዞራ አየችኝ፤ ፊቷ እንደበራ ነው።

«የለኝም አባባ» አልኩ።

ዛሬ ቡታጅራ የራሴ ማሽን አለኝ፤ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ጠርዝ ዘምዝሜ ያገኘሁት ነው። እናቴ ያን ካርድ አምና በሞት እስክትለየን ድረስ ማንም የወንድሜን ደግነት ሲያነሳ ለምስክር ታወጣው ነበር፤ በድላው ይቅር ያላት ልጇ ነውና።

በዚያ ቀን ከብቱ ታረደ። ክትፎው ሲቀርብ እናቴ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥላ እኔን አጎረሰችን። ከማዶው ተቀምጦ ሲያላምጥ አየሁት፤ እሱም ሳላምጥ አየኝ። የአያቴን ነገር እያሰብኩ ጠበቅሁ። ዋጠ። እኔም ዋጥኩ። ሁለታችንንም ምንም አላነቀን።